ስለ ጤናችን፦ ሕመማችንን እንናገር

ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን የሚጎዳ በሽታ ነው። በደም ይተላለፋል። ዛሬ ግን የሚያድን ክኒን አለው። ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ለ12 ሳምንት ይዋጣል።

ክኒኑ ራስ ሊያሳምም፣ ሊያደክም፣ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ያኔ አንዳንዱ ሰው ዝም ብሎ ክኒኑን ይተዋል። "ሐኪሙን ምን ብዬ ላስቸግር?" ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ያልነገርነውን ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

ፊደል ቆጥረን የለ? ደብተር እናውጣ። "ሰኞ ክኒን ዋጥሁ። ማታ ራሴን አመመኝ" ብለን እንጻፍ። ጽሑፋችን ቢወላገድም ግድ የለም። የምንወስደውን ሌላ መድኃኒት፣ የባህሉንም ጭምር፣ እንጻፍ። ሪፋምፒሲን የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጉበቱን ክኒን ኃይል ያዳክማል።

ከዚያ ለሐኪሙ እናንብብለት። ቸኩሎ "ይተውሃል" ቢለንስ? "ዶክተር፣ ማረስ አቅቶኛል፤ ምን ላድርግ?" እንበል። መልሱንም እዚያው እንጻፍ።