መኪናው አልነሳ ሲል

የገበያ ቀን ነው። እህሉን ጭነናል። አሮጌው ፒካፕ ግን «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ዐምና እንዲህ ቢያደርገን አዲስ ሞተሪኖ ገዛን፤ አልረባንም። ብራችን በከንቱ ወጣ። ዘንድሮ ሾፌራችን «ቆዩ፣ የፊት መብራቱን እንይ» አለ።

መብራቱን አብርቶ ቁልፉን አዞረ። መብራቱ ደከመ። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ወይም ከሽቦው ማሰሪያ ነው። መብራቱ ሳይደክም «ቀጭ» ብቻ ካለ ሞተሪኖውን እንጠርጥር።

ማሰሪያው ላይ ነጭ ዝገት ነበር። ሾፌሩ ቁልፉን ነቀለ። መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማሰሪያ ፈታ፤ ቀጥሎ ሌላውን። እጁን ሸፍኖ ዝገቱን ፋቀ። ሲመልስ የመቀነሱን መጨረሻ አሰረ፤ አጠበቀ። መኪናው ተነሳ!

ወገኖች፣ ባትሪ አጠገብ እሳት አናቅርብ። ብር ከማውጣታችን በፊትም ማሰሪያውን እንይ።