ከመፈረማችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በሮቤና በጎባ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ቦርድ ላይ ለምትቀመጡ እኩዮቼ ነው። «መዋቅሩ ይጠና፣ የሰው ኃይሉ ይከለስ» የሚል አጀንዳ ሲቀርብላችሁ፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አድምጡኝ። ገንዘቡ መጥበቡን አልክድም። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ማዘዙን ሁላችንም ሰምተናል። የምፈራው እኛ የት ላይ እንደምንቆርጥ ነው።

ባየኋቸው ጥናቶች ሁሉ ብዕሩ ቀድሞ የሚያርፈው በተንከባካቢዋ ላይ ነው። ዲግሪ የላትም፤ የሚከራከርላትም የለም። አንዷን አውቃታለሁ። በኅዳር ውርጭ፣ ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት፣ የረጠበ አንሶላ ትለውጣለች፤ ሰውነታቸው አልታዘዝ ያላቸውን አዛውንት ቀስ ብላ ታገላብጣለች። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲብስ አጥንት ይደርሳል። እንዲህ ያሉ 20 ሰዎች ባሉበት ቤት የሌሊት ተረኛ ከሁለት ወደ አንድ ከወረደ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 6 ደቂቃ ነው። ማገላበጡም፣ ማጠቡም፣ ውሃ ማጠጣቱም በዚያችው 6 ደቂቃ ነው። በጥናቱ ወረቀት ላይ ግን «አንድ የሥራ መደብ ታጠፈ» ተብሎ ይታለፋል።

የ20 በመቶውን ሕግ ምክንያት አታድርጉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይሁንና አስተዳደር የሚለው የአስተዳደር ሠራተኛን ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይንና የመሳሰለውን ነው። አረጋዊ የምታጥብ ሴት ራሷ ፕሮግራሙ ናት። እሷን ከቢሮው ሠራተኞች ጋር ደምሮ «ጣሪያውን አለፍን» ማለት በሕግም በኅሊናም አያስኬድም።

ደመወዙም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ጭማሪ የማኅበር ቅጥረኛን አይመለከትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ስለዚህ ውሳኔው በእኛ እጅ ነው። እኛ ደግሞ «ለጽድቅ ነው የምትሠራው» ማለት ለምደናል። ወሩን ሙሉ ተራ የምትገባን ሴት በጎ ፈቃደኛ ብለን መዝግበን የኪስ ገንዘብ ብንሰጣት፣ ከአሠሪው የሚጠበቀውን የ11 በመቶ የጡረታ መዋጮም ብናስቀርባት፣ ነገ እሷንም ጧሪ አልባ አድርገን እዚያው አልጋ ላይ ልናስተኛት ነው።

ደመወዝ ለቦርድ ሲተው የሚሆነውን ሆንግ ኮንግ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2001 መንግሥት ለማኅበራት የሚሰጠውን ድጎማ ጥቅል አደረገና የሠራተኛ ደመወዝ በየቦርዱ እጅ ገባ። ቀድሞ የተቀጠረው በመንግሥት ስኬል ሲቀጥል፣ አዲሱ ለዚያው ሥራ ያነሰ ተከፈለው። ማኅበራቱ ግን ከድጎማው የተረፈውን መጠባበቂያ ማድረግ ይችሉ ነበር። ቅሬታው በዝቶ ገለልተኛ ኮሚቴ አሠራሩን መርምሮ በ2008 ሪፖርት እስከማቅረብ ደረሰ።

እኛ የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም። ኦሮሚያ ክልል ዛሬ ተቋም ያደረገው ቡሳ ጎኖፋ የአባቶች ሥርዓት ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው የሚቋቋመው ከብት ያለው እየሰጠው ነበር። ሸክሙ ባለው ሰው ላይ ነበር እንጂ በድሃዋ ላይ አልነበረም።

መቆረጥ ካለበት ከውሎ አበሉ፣ ከመኪናው ነዳጅ፣ ከእኛው የስብሰባ መስተንግዶ ጀምሩ። አጥኚው ሲመጣ የሌሊት ተረኞችን ዝርዝርና የአልጋውን ቁጥር ጎን ለጎን እንዲያቀርብ እዘዙት። ተንከባካቢዎቹ ገብተው ሳይናገሩበት የቀረበላችሁን ጥናት ወደ ጠቅላላ ጉባኤ አትምሩት።