ይድረስ ለቺሮዋ የላብራቶሪ ባለሙያ

   ስምሽን ያላነሳሁት ሳላስፈቅድሽ በአደባባይ መጥራት ደግ ስላልመሰለኝ ነው።

የሂርናው አባቴ ጫት ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ወገቡን ሲያመው ያየው ሁሉ «የሸክም ነው» አለው፤ እሱም የዲክሎፌናክ መርፌ እየተወጋ ወራት ገፋ። ሲገረጣና አቅም ሲያጣ ደግሞ ወባ ተባለ። ሚኤሶ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አንቺ ዘንድ የመጣውም ለወባ ምርመራ ነበር።

ወባ የለበትም። ይህንኑ ጽፈሽ ልትሸኚን ትችይ ነበር፤ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። አንቺ ግን ከማይክሮስኮፑ ቀና አላልሽም። ኋላ ጠርተሽ ስታሳዪኝ ቀያዮቹ የደም ሴሎች ለየብቻ ከመታየት ይልቅ እንደ ሳንቲም ተደራርበው ነበር። ሽንቱ አረፋ ይዟል፣ የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ ላይ ግን ፕሮቲን እምብዛም አልታየም። ሁለቱ ነገሮች አልገጠሙልሽም። ስትሪፑ በዋናነት የሚለየው አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን ነው፤ ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ከሆነ ያመልጠዋል። ሐኪሙ ዘንድ ራስሽ ሄደሽ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬቲኒን ምርመራ እንዲታዘዝ አደረግሽ። በጤነኛ ሰው በዴሲሊትር 1 ሚሊግራም ገደማ የሚሆነው ልኬት በአባቴ ከ4 አልፎ ተገኘ።

ከዚያ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መቅኔው ተመርምሮ መልቲፕል ማይሎማ መሆኑ ታወቀ፤ የደም ካንሰር ነው። መቅኔ ውስጥ ያሉት ፕላዝማ ሴሎች ከልክ በላይ ይባዙና የፕሮቲን ስብርባሪ ወደ ደም ይለቃሉ። ስብርባሪው ኩላሊት ሲደርስ ቱቦዎቹ ውስጥ እየረጋ ይደፍናቸዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ይህንን ፕሮቲን በታማሚ ሽንት ውስጥ ያገኘው በ1840ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዲክሎፌናኩ ደግሞ በተጎዳ ኩላሊት ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ከሕክምናዎቹ አንዱ «ንቅለ ተከላ» ነው መባሉን ሲሰሙ የአጎቴ ልጆች ኩላሊት ልንሰጥ ብለው ተነሡ፤ አላህ ይስጣቸው። እነሱ ያሰቡት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. የጀመረውን ነው። ለማይሎማ የሚደረገው ግን ሌላ ሰው አይፈልግም፦ ከታማሚው ከራሱ ደም ስቴም ሴል ይሰበሰባል፣ ሜልፋላን የተባለ ብርቱ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሴሎቹ ይመለሱለታል። ኩላሊት ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የሜልፋላን የተለመደው መጠን በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 200 ሚሊግራም ሲሆን፣ ኩላሊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ወደ 140 ዝቅ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ የአፍ ቁስሉና ኢንፌክሽኑ ይበረታበታል። የኩላሊት ድክመት ዛሬ ብቻውን ንቅለ ተከላ አያስከለክልም፤ ከንቅለ ተከላው በኋላ ከእጥበት የተላቀቁም አሉ። ኩላሊቱን ቀድሞ ያተረፈ ግን ሸክሙ ይቀለዋል።

የአባቴ ኩላሊት ገና እጥበት ሳያስፈልገው ተደረሰበት። ቦርቴዞሚብ ተጀመረለት፤ ይህ መድኃኒት ኩላሊት ደከመ ተብሎ መጠኑ አይቀነስም። ክሬቲኒኑ ወረደ። ለንቅለ ተከላው ያሰብነው ሕንድ መሄድን ነው፣ ያም የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ገና አልተቆረጠም። ሰው የሚያመሰግነው የአዲስ አበባውን ስፔሻሊስት ነው፤ ይገባዋልም። እኔ ግን መጀመሪያ የማመሰግነው ያንቺን ማይክሮስኮፕ ነው። አባቴ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ኩላሊቱ ሳይጠፋ የደረሰው በአንቺ ነው።

ይህን የምታነቡ የበዴሳ፣ የገለምሶ፣ የሂርና ሰዎች፦ ወገቡን ለወራት የሚያመውና የገረጣ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ፣ ሌላ መርፌ ከማስወጋታችሁ በፊት ሄሞግሎቢኑንና ክሬቲኒኑን አስለኩለት።