ባለቤት ያለው የጎዳና ውሻ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ በአዲስ አበባ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁለት ነገር ይፈራል፤ ስልክ ነጣቂና ውሻ። ስለ ስልክ ነጣቂው ፖሊስ መግለጫ ይሰጣል፣ ካሜራ ይተከላል፣ እኛም እናወራለን። ስለ ውሻው የምናወራው ግን የተነከሰ ልጅ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሲዞር ብቻ ነው። ያን ቀን ኮሜንቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ መርዝ ስጧቸው!» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ የውጭ አገር ቪዲዮ እያጋራ «መንግሥት ለምን መጠለያ አይሠራላቸውም?» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ይረሳዋል። ውሾቹም እዚያው ናቸው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ግን ጉዳዩ ቢያንስ ግማሹ የበጀትና የአስተዳደር ጉዳይ ስለሆነ ልግባበት።

መጀመሪያ፣ ውሾቹ የማን ናቸው? በመግለጫም በዜናም «ባለቤት አልባ ውሾች» ይባላሉ። እኔ ሰፈር ያሉትን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ቡናማው ባለ ትልቅ ግቢ ጎረቤታችን ያሳደጉት ነው፤ ቀን በር ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ሰፈሩን ሲዞር ያድራል። ጥቁሯን የግንባታ ቦታ ጥበቃዎች ከቡችላነቷ አሳድገዋት ሕንፃው ሲያልቅ ጥለዋት ሄዱ። ነጩ የሉካንዳው ነው፤ ማለቴ፣ አጥንት ስለሚጣልለት ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ሦስቱ ደግሞ ቤታቸው በልማት ምክንያት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ የግቢ ውሻ አይኖርማ! ማንም የማያበላው፣ ማንም በስም የማይጠራው ውሻ ስፈልግ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። እናንተም ሰፈር ብትቆጥሩ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ይሄ ነገር ትንሽ አይደለም። ውሻው ሌሊት ለባለቤቱ በነፃ ዘበኛ ነው፤ ሌባ ያባርርለታል። ሲናከስ ግን የሚናከሰው መንገደኛውን ነው። በእኛ ትምህርት ለዚህ ረጅም ስም አለው፣ በአማርኛ ግን ቀላል ነው፦ ጥቅሙ የእኔ፣ ጉዳቱ የጎረቤት። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲኖር ሰው በገዛ ፈቃዱ ውሻውን አስከትቦ፣ አጥር ውስጥ አስሮ ይይዛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሕጉ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ድንገት አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ግን ልጅ ሲነከስ «የእኔ ውሻ አይደለም» ማለት ይበቃል። መዝገብ የለ፣ አንገቱ ላይ ምልክት የለ፣ ማን ያረጋግጣል? ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ያደረው ውሻ ጠዋት ባለቤት አልባ ይሆናል።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። ሞክረነዋል እኮ። በዚህ ከተማ ሥጋ በስትሪክኒን እየተለወሰ ለውሾች ሲጣል ብዙ ዓመት ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሚሊኒየሙን ልንቀበል ስንዘጋጅ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች በመርዝ እንደተገደሉ የዓለም ሚዲያ ጭምር ዘግቦታል። ያ ዘመቻ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የማይሠራበት ምክንያት ደግሞ ሚስጥር አይደለም። ውሻው ሲሞት የሉካንዳው አጥንትና ያልተነሳው ቆሻሻ አይሞቱም። ቦታው ባዶ ሲሆን ከሚቀጥለው ሰፈር ሌላ ይመጣል፤ የተረፈችውም ሴት ውሻ በሁለት ወር እርግዝና ቡችሎቿን ትወልዳለች። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ውሻው ደግሞ የሚሞተው በአንድ ጊዜ አይደለም፣ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህን ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ያዩታል።

እሺ፣ መጠለያስ? ልብ የሚያሞቅ ሐሳብ ነው። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። ለምሳሌ ያህል 10,000 ውሾች አንድ ቦታ ሰበሰብን እንበል፤ ለአንዱ ምግብ በቀን 50 ብር ብቻ ወጣ እንበል። በቀን 500,000 ብር፣ በዓመት 182.5 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። ይሄ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ጥበቃ፣ ውሃና መሬት ሳይቆጠር ነው። የሚቀጥለው ዓመትም ይኸው ነው፣ የሚከተለውም፤ ምክንያቱም ውጭ ያሉት መውለዳቸውን አላቆሙም።

ቱርክን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ፓርላማዋ ማዘጋጃ ቤቶች የጎዳና ውሾችን ሰብስበው መጠለያ እንዲያስገቡ ሕግ አወጣ። በወቅቱ የተነገረው የውሾቹ ግምት 4 ሚሊዮን ገደማ፣ በአገሪቱ ያሉት 322 መጠለያዎች መያዝ የሚችሉት ደግሞ 105,000 ነው። ለ38 ውሾች አንድ ቦታ ማለት ነው! ከእኛ እጅግ የሚበልጥ በጀት ያላት አገር ናት። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2025 የዴልሂ ውሾች በስምንት ሳምንት ውስጥ ተሰብስበው መጠለያ እንዲገቡ አዘዘ። በ11ኛው ቀን ትእዛዙን አሻሻለው፤ ያበደ ወይም ተናካሽ ካልሆነ በቀር ውሻው ከተከተበና ከተኮላሸ በኋላ ወደተያዘበት ሰፈር ይመለስ ተባለ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል፣ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ ለምን እንደከበደ ለመረዳት ካልኩሌተር ይበቃል።

ዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል። ለኢትዮጵያ የሚጠቀሰው ግምት 2,700 አካባቢ ነው። በሽታው ካለበት እንስሳ ተነክሰዋል ተብሎ ከሚጠረጠሩት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ «ሰው እየተቸገረ ስለ ውሻ ታወራለህ» ለሚለኝ፣ የማወራው ስለ ልጆች ነው።

ባለፈው ዓመት የሰባት ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ባቱ ላይ ተነከሰ። እናቱ ይዛው የሄደችበት የመጀመሪያው ጤና ተቋም ክትባቱ አልቋል አላት። ሁለተኛው ጋ ነገ ነይ ተባለች። ሦስተኛው ጋ ተገኘ። እሷ ጉሊት ነው የምትሠራው፤ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የቀን ገቢዋን ትታ፣ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ ታክሲ ከፍላ ትሄዳለች። «መርፌው አይደለም የጨረሰኝ፣ ምልልሱ ነው» አለችኝ። ውሻው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ጤነኛ ይሁን እብድ ማወቅ አልተቻለም፣ ልጁም ሁሉንም መርፌ ጨረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የነከሰው ውሻ ተይዞ 10 ቀን በሐኪም ክትትል ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ የተነከሰው ሰው የጀመረውን ሕክምና ሐኪሙ ሊያቋርጥለት ይችላል። ከተማችን የሚያስፈልጋት «መጠለያ» ይሄ ነው። ሺህ ውሾች የሚጦሩበት ሰፊ ግቢ አይደለም። በየክፍለ ከተማው ጥቂት ደርዘን ክፍሎች ያሉት ቤት ይበቃል፤ የነከሰ ውሻ 10 ቀን የሚቆይበት፣ የተያዘ ውሻ ተከትቦና ተኮላሽቶ ሁለት ሦስት ቀን አገግሞ የሚወጣበት፣ ቡችላ ለሚያሳድግ ሰው የሚሰጥበት። ክፍለ ከተሞቹ 11 ናቸው። ይህ የማይቻል አይደለም።

(በነገራችን ላይ፣ ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ ቁስሉን እዚያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ወላጆቻችን ፓስተር ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይወጉ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ያስፈራሯችሁ ይሆናል፤ የዘመኑ ክትባት ግን በአንድ ወር ውስጥ የሚሰጥ አራት ወይም አምስት መርፌ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። «እስኪ ይታይ» አይባልም።)

ዋናው ሥራ ግን ከግቢው ውጭ ነው፤ ክትባት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው፣ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፍ ያቅተዋል ነው። የሩቅ አገር ተረት እንዳይመስላችሁ፣ የቻድን ዋና ከተማ ንጃሜናን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ሁለት ዘመቻ አካሂዳ በሁለቱም ከ70 በመቶ በላይ ውሾቿን ከተበች። የበሽታው ስርጭት ከተማዋ ውስጥ ተቋረጠ። ቀደም ሲል ባለቤቶች እንዲከፍሉ በተደረገበት ጊዜ ግን የመጣው ውሻ በጣም ጥቂት ነበር። ዋጋ ሲኖረው ሰው ውሻውን ይዞ አይመጣም፤ የመጀመሪያ ዓመት ኢኮኖሚክስ ነው። ስለዚህ ክትባቱ ነፃ መሆን አለበት። ቸርነት አይደለም፣ ከእያንዳንዱ የተነከሰ ሰው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ርካሹ መንገድ ስለሆነ ነው።

የንጃሜና ታሪክ ግን እዚያ አላለቀም። ከወራት በኋላ በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ተመራማሪዎቹ የጠቆሙት ከከተማዋ ውጭ በመጡ ውሾች ገባ የሚለውን ነው። ይሄ ለእኛ ነው የተጻፈው! አዲስ አበባን ሸገር ከተማ ዙሪያዋን ከቧታል። ጀሞ የተከተበ ውሻ ፉሪ ካልተከተበው ጋር በአንድ የቆሻሻ ክምር ላይ ይጣላል። ሁለት አስተዳደሮች፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት የተለያየ ቀን የሚደረግ ዘመቻ ካለ ገንዘቡን መንገድ ላይ በተንነው ማለት ነው። ዘመቻው በአንድ ሳምንት፣ በሁለቱም በኩል መሆን አለበት። ያውም በየዓመቱ፤ የውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነ የዘንድሮው 70 በመቶ ለከርሞ 70 አይሆንም።

ከተማው ውስጥም ቢሆን ነገሩ የተበታተነ ነው። የተነከሰው ሰው የጤና ዘርፉ ነው፣ ውሻው የግብርና ዘርፉ፣ የሚበላው ቆሻሻ የጽዳት ዘርፉ፣ ሉካንዳው የንግድ ዘርፉ። ሁሉም ድርሻውን ሠርቶ ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል፣ ልጁም ሊነከስ ይችላል። አንድ ስልክ የሚያነሳ፣ አንድ በጀት የሚይዝ፣ ስሙ የሚታወቅ ኃላፊ ያስፈልጋል።

መዝገቡ ደግሞ ከሚመስለው ይቀላል። ለሰው ፋይዳ እየሰጠን ለውሻ ቁጥር ያለው የአንገት ማሰሪያ መስጠት ሊያቅተን አይችልም። በህንዷ ጎዋ ግዛት ክትባት ሰጪዎቹ የከተቡትን እያንዳንዱን ውሻ በስልክ መተግበሪያ ከነቦታው ይመዘግቡ ነበር፤ የትኛው ሰፈር እንደቀረ ማታ ካርታ ላይ ያዩታል፣ ጠዋት እዚያ ይሄዳሉ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር እዚያ ወደ ዜሮ ወርዷል። ይህን መተግበሪያ በአማርኛና በኦሮምኛ ሠርቶ የሚያስረክብ ሥራ ያጣ ልጅ በኔ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ሦስት አለ። ምዝገባው ነፃ ይሁን፣ ያላስመዘገበ ግን በቴሌብር ይቀጣ። ቤቱ ፈርሶ ለሚዛወርም ሰው ዕቃ የሚጭን መኪና ሲታሰብ «ውሻ አለህ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቅጹ ላይ ይጨመር።

«ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት?» ትሉኛላችሁ። ከፊሉ አሁንም እየወጣ ነው፤ በየጤና ተቋሙ ለተነከሱ ሰዎች ክትባት፣ በየቤቱ ለታክሲና ለቀረ የሥራ ቀን። ልዩነቱ ይሄኛው ወጪ በአንድ መዝገብ ላይ አለመታየቱ ነው። የጎረቤቴ የጠፋ የጉሊት ገቢ በየትኛውም የከተማ በጀት ሰነድ ውስጥ የለም።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው የሚውለው። ባነር ይሰቀላል፣ ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል። ዘንድሮ ወረዳዬ ከባነሩ ጎን አንድ ወረቀት ቢለጥፍ ደስ ይለኛል፤ በወረዳው ያሉ ውሾች ስንት፣ የተከተቡት ስንት፣ በዓመቱ የተነከሰው ሰው ስንት፣ ውሻ ሲናከስ የሚደወልበት ስልክ ይህ። አራት መስመር። ከተለጠፈ ፎቶ አንስቼ እለቀዋለሁ፤ ካልተለጠፈም ባዶውን ግድግዳ።