ለማሽን መመሪያ መጻፍ የመምህር ሥራ ነው

«ኮምፒዩተር ራሱ ፕሮግራም የሚጽፍ ከሆነ ለእኛ ምን ተረፈን?» የሚሉ እጩ መምህራን አሉ። መልሱ አጭር ነው፤ ማስተማሩ ተረፈን።

ፕሮግራም በመጻፍ የሚረዱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች፣ ለምሳሌ ክሎድ ኮድ፣ ብዙ ያውቃሉ። ነገር ግን አዲስ ሥራ ሲከፈት ትናንት የተነገራቸውን በአብዛኛው ይዘው አይመጡም። አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. «ስኪል» የሚባለውን አሠራር ያወጣው ለዚህ ነው። ስኪል ማለት አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ የጽሑፍ መመሪያ ነው፤ አንዴ ይጻፋል፣ ደጋግሞ ያገለግላል።

ከላይ ስምና መግለጫ አለው፤ ከሥር ዝርዝሩ ይከተላል። ረዳቱ መጀመሪያ የሚያየው ስሙንና መግለጫውን ብቻ ነው። ዝርዝሩን የሚከፍተው ጉዳዩ ከያዘው ሥራ ጋር ሲገጥም ነው። እንግዲህ መግለጫው «ስለ ቀን» ብቻ ካለ፣ ሽፋኑ ላይ ምንም እንዳልተጻፈበት ደብተር ተዘግቶ ይቀራል። «የፈተና ወይም የመቅረት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰላ ተጠቀምበት» ካለ ግን በጊዜው ይከፈታል።

ዝርዝሩስ? «ቀኑን በጥንቃቄ አስላ» የሚል ትእዛዝ «ተማሪዎች ክፍልፋይን ይገነዘባሉ» እንደሚል የትምህርት ዓላማ ነው። መፈጸም አለመፈጸሙን ማን ይለካዋል? ይልቅስ እንዲህ ይጻፍ፦ «ዓመቱ 13 ወር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ግን 6 ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው። መፈተኛ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ትክክል ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ስሕተት ነው።» ይህን ረዳቱ ይሠራበታል፤ እኛም እናርመዋለን።

«ታዲያ ሁሉንም ነገር ብናጭቅበትስ?» የሚል አይጠፋም። አይበጅም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ዝርዝሩ ከ500 መስመር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ረዳቱ የሚያውቀውን መደጋገም ቦታ ማጣበብ ነው፤ መጻፍ ያለበት የማያውቀው ወይም የሚስተው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የሌላ ሰው ስኪል ሳያነቡ መገልበጥ ነው። ከመመሪያው ጋር በኮምፒዩተራችን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አብሮ ሊኖር ይችላል። ክፉ ሰው ያዘጋጀው ከሆነ የተማሪዎቻችንን ስምና ውጤት አሾልኮ ሊያወጣ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ያላነበብነውን መጽሐፍ ይዘን ክፍል አንገባም፤ ያላነበብነውን ስኪልም ለረዳት መስጠት የለብንም።

ስለዚህ የትምህርት እቅድ ቀርቦ እንደሚታረም ሁሉ፣ በእጩ መምህራን የሚጻፈው ስኪልም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በባልደረባ ይነበብ፣ በምሳሌ ይፈተን፣ ስሕተት ሲገኝበትም ይስተካከል። ተክቶን ለሚገባው መምህር ግልጽ ያልሆነ እቅድ ለማሽንም ግልጽ አይሆንም።