ኮምፒውተሩ ስላዘገመ ማስታወሻችን ለምን ይጥፋ?

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ሰልፍና ስለ መኝታ ክፍሉ መብራት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው ከነዚያ ያነሰ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገ በየገጠሩ ት/ቤት ስንመደብ እጃችን ላይ የሚወድቅ ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጉዳዩም ኮምፒውተር ባዘገመ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚባለው ልማድ ነው።

አጎቴ የጁቤ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ቤታቸው አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ አለ። እኔም ፊደል መልቀም የለመድኩት በሱ ነው። አምና ክረምት ይህ ኮምፒውተር እጅግ ከማዝገሙ የተነሣ፣ አጎቴ ቁልፉን ተጭነው፣ አክስቴ ቡናውን ቆልታ ወቅጣ አፍልታ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ነበር የሚከፈተው። ይህን ስል አጋንኜ አይደለም፤ ሰዓት ይዘንበታል። በመጨረሻ ተሸክመው ከተማ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ጠጋኙ ልጅ አብርቶ ጥቂት ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አላቸው። አጎቴ ፎርማት ማለት አቧራ እንደማራገፍ ያለ መስሏቸው «እሺ ልጄ፣ እንዳመቸህ» አሉ።

በሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩ መጣ። አዎ፣ ይፈጥናል። ግን ባዶ ነው! የሰባት ዓመት የፈተና ጥያቄ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ሮስተር፣ የልጃቸው የክርስትና ፎቶ ሁሉ የለም። በማተሚያ ወጥቶ በወረቀት ከቀረው በስተቀር አንዱም አልተገኘም። አጎቴ ልጁን አልተቆጡትም። «ኮምፒውተሩስ ዳነ፤ የሞትኩት እኔ ነኝ» ብለው ዝም አሉ። ከቢቸናና ከሞጣ የመጡ የክፍል ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ሁለቱ የራሳቸውን ቤት ታሪክ የነገርኳቸው መስሏቸው ነበር።

ለመሆኑ ያ ኮምፒውተር ለምን አዘገመ? ከመወሰዱ በፊት «ሲ» የሚባለው የዲስክ ክፍል ሞልቶ ቀይ መስመር ሲያሳይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም ነበር። አሁን እንደገባኝ በእኛው ሙያ ላስረዳ። ራም የሚባለው ማስታወሻ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ሥራ የሚሠራው እሱ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ዲስክ ደግሞ እንደ ደብተር ነው፤ የተጻፈበት ይቆያል። ሰሌዳው ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ደብተሩ ላይ እየጻፈ፣ እንደገና ከደብተሩ እያነበበ ይሠራል። የቆዩት ኮምፒውተሮች ዲስክ የሚሽከረከር ብረት በመሆኑ ይህ ምልልስ በጣም ቀርፋፋ ነው። ደብተሩም ሞልቶ ባዶ ገጽ ከሌለውስ? ያኔ ነው እንግዲህ ቡናው ተቆልቶ የሚፈላው።

ደብተሩን የሞላው ማነው? እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ሠርቻለሁ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። በስፋት በሚሠራበት አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። አንድ ገጽ 1,500 ፊደል አለው ብንል ለጽሑፉ ብቻ 4,500 ባይት መሆኑ ነው። አንድ ፊልም ግን 700 ሜጋባይት ቢሆን ከ150 ሺህ ገጽ በላይ የአማርኛ ጽሑፍ ቦታ ይይዛል! የአጎቴ የሰባት ዓመት ልፋት ከአንድ ፊልም የመጀመሪያ ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ልጆቻቸው ግን በፍላሽ እያመጡ የገለበጡት ፊልም አንድ ፎልደር ሙሉ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ማጽዳት ከተፈለገ ከየት ይጀመራል? መጀመሪያ «ዳውንሎድስ» የሚባለውን ፎልደር መክፈት ነው። በውስጡ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ፎልደር አለ። ከቴሌግራም ያወረድነው መዝሙር፣ ቪዲዮ፣ ሦስት ጊዜ የወረደ አንድ መጽሐፍ፣ ሁሉም እዚያ ተከማችቶ ይገኛል። ቀጥሎ ሪሳይክል ቢን ነው። ብዙ ሰው ያጠፋውን ፋይል የጠፋ ይመስለዋል እንጂ ቅርጫቱ ካልተደፋ ቦታውን አይለቅም። ከዚያ «ዲስክ ክሊንአፕ» የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ማጽጃ ጊዜያዊ ፋይሎችን ይጠርጋል። ግን ምልክት የሚደረግበትን እያነበቡ ነው እንጂ ሁሉንም እሺ፣ እሺ እያሉ አይደለም። የማያውቁትን ነገር ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ በእጅ መሰረዝም የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ፍጥነትን በተመለከተ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ «ታስክ ማኔጀር» ይከፈታል። «ስታርታፕ» በሚለው ሥር ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ተደርድረዋል። የማያስፈልገውን ማስቆም ይቻላል፤ ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሲጠሩት ብቻ ይመጣል። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫንም እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ ነው፤ አንዱ ይበቃል። አቅም ያለው ደግሞ ራም ቢጨምር ወይም የሚሽከረከረውን ዲስክ «ኤስኤስዲ» በሚባለው ቢተካ አሮጌው ኮምፒውተር ሌላ ሰው ይሆናል።

ስለ ፍላሽ ቫይረስም አንድ ነገር ልበል። ፎልደሮቻችን ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ስናይ «ተበላ» ብለን እንጮሃለን። ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። አቋራጩን ሳይነኩ በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ከዚያ የተደበቀውን እንዲያሳይ ማዘዝ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ፎርማት የተደረገ ስንት ፍላሽ አለ!

አንድ መምህራችን ይህን ሐሳቤን ስነግራቸው፣ «ፎርማት በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ አንተ የምትለው ግማሽ ቀን ይፈጃል» አሉኝ። እውነት አላቸው። ሲስተሙ ራሱ ሲበላሽ ከፎርማት ሌላ መፍትሔ የማይኖርበት ጊዜም አለ። እኔ የምቃወመው ሳይገለብጡ ማድረጉን ነው። ዲስኩ ፎርማት በተደረገበት ሰዓት ወዲያው ሥራ አቁሞ ቢሆን እንኳ በመመለሻ ፕሮግራም ጥቂቱን ማግኘት ይቻል ነበር። በአጎቴ ላይ ግን አዲሱ ዊንዶውስ ተጫነበት፤ ጠጋኙም ለምርቃት ብሎ ዘፈንና ፊልም ሞላበት። በላዩ ተጻፈበት ማለት ነው።

ሌላም አለ። የተረፈው ፋይል እንኳ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ ተመልሶ ካልተጫነ የፈረንጅ ፊደልና ቅንፍ ሆኖ ይታያል። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት ጽሑፍ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

«ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ» የሚሉም አሉ። መልካም ነው። ሆኖም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ብዙው መምህር ጽሑፉን ይዞ የቆየው በዲስኩና በፍላሹ ነበር። እዚያ ከጠፋ ሌላ ቅጂ የለውም።

ይህ ነገር ዘንድሮ ደግሞ ብሷል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ከዚያም አልፎ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች የሌላቸውን የደኅንነት መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ በየጥገና ቤቱ «እናድስልህ» የሚለው ጥሪ በዝቷል። የምንመደብበት ት/ቤት ምናልባት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይኖረው ይሆናል፤ እሱም በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። በውስጡ የስንት ልጅ ማርክ አለ? ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ማስረጃ ሊጠይቅ ለሚመጣ ልጅ «ፎርማት ተደርጓል» ተብሎ ይመለስለት ይሆን?

በአይሲቲ ትምህርታችን የሃርድዌርንና የሶፍትዌርን ትርጉም ሸምድደን ፈተና ተፈትነናል። አንድም ቀን ግን ዲስክ አጽድተን አናውቅም። አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

አሁን በኮምፒውተር ክፍላችን በር ላይ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁሉም ማሽኖች ፎርማት እንደሚደረጉ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኃላፊው ሁለት ሳምንት እንዲታገሡን በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እዚያው እንገኛለን፤ የየሰውን ጽሑፍ እየለየን እንገለብጣለን፤ የቀረውን እናጸዳለን። ከዚያ በኋላም የሚያዘግም ማሽን ካለ ፎርማት ይደረግ፤ አንከራከርም። ፋይል ያላችሁ ሁሉ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ፍላሹ ግን በሩ ላይ በአንቲቫይረስ ይፈተሻል፤ ማንም እንዳይቀየም።