የላስቲክ ቤት ለሪፖርት ሳይሆን ለምርት ይቁም

በበጋ ወራት በፎገራ ሜዳ ወይም በቆጋ መስኖ አካባቢ ቲማቲም የሚያመርት አርሶ አደር ትልቁ ፈተናው ማምረቱ ሳይሆን መሸጡ ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ተክሎ በአንድ ሰሞን ስለሚለቅም ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው የለቀማና የማጓጓዣ ወጪን የማይመልስበት ጊዜም አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡ ሲበረታ ቲማቲሙ በምች ይመታል፤ በጋ ላይ ገዥ ያጣው አርሶ አደር ለራሱ ወጥ የሚሆነውን ቲማቲም ከገበያ በውድ ዋጋ ይሸምታል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚረዱ መንገዶች አንዱ አትክልትን በላስቲክና በመረብ በተሸፈነ ቤት ውስጥ ማልማት ነው። በርካታ ወረዳዎችም ፍላጎት እያሳዩ ነው። ፍላጎቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱ ከመቆሙ በፊት ምርምር ምን እንደሚል መስማት ያስፈልጋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ምርምሩ የሚነግረን የመጀመሪያው ቁም ነገር ቤቱ ውድ መሆን እንደሌለበት ነው። የላስቲክ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአበባ እርሻዎችን የብረት ግንባታ ነው። ታይዋን የሚገኘው የዓለም አትክልት ማዕከል በዝናባማና ሞቃት ወራት ቲማቲም ለማምረት የተጠቀመበት ግን ጎኑ ክፍት የሆነ ቀላል የዝናብ መከለያ ነው። ምች የሚስፋፋው ቅጠል ለረጅም ሰዓት ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ስለሆነ ጣሪያው ቅጠሉን ከዝናብ ከጠበቀ በሽታው ይቀንሳል። ለዚህ የባሕር ዛፍ ወይም የአዊ ቀርከሃ ምሰሶ ይበቃል፤ ምስጥ እንዳይበላው መከላከልና ነፋስ እንዳይነቅለው አጥብቆ ማሰር ግን ግድ ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ጉዳይ ነው። ዙሪያው የተዘጋ የላስቲክ ቤት እኩለ ቀን ላይ ከውጭው እጅግ ይሞቃል። ቲማቲም ደግሞ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል፤ ፍሬ አይቋጥርም። ስለዚህ በቆላና በወይና ደጋ ቀበሌዎቻችን ጎኑ በላስቲክ ሳይሆን በመረብ ቢሸፈን ይመረጣል። መረቡ አየር ያስገባል፤ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ነጭ ዝንብን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን መታየቱ የተመዘገበውን የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ ቱታ አብሶሉታንም ያግዳል። በሩ ተከፍቶ ከዋለ ግን መረቡ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ከችግኝ መጀመር እንደሚቻል ነው። በጎረቤት ኬንያ የኤገርተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቲማቲምና የጎመን ችግኝ መደብን በቀጭን መረብ ሸፍነው ባደረጉት ሙከራ ችግኙ ተሻሽሏል፤ ተባይም ቀንሷል። ይህ ጥቂት ሜትር መረብና ጥቂት ቅስት እንጨት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቤት ለማቆም አቅም የሌለው አርሶ አደር ከዚህ ይጀምር።

አራተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ዓመት ከዓመት ቲማቲም ብቻ ከተተከለ አጠውልግ በሽታና ሥር የሚያሳብጠው ኔማቶድ አፈሩን ይወርሱታል። ዝናብ ስለማያጥበውም የማዳበሪያ ጨው ይከማቻል። መፍትሔው ቲማቲምን ከቃሪያ ወይም ከደበርጃን ጋር ሳይሆን ዘመዱ ካልሆነ ሰብል፣ ለምሳሌ ከሰላጣ፣ ከጎመን ወይም ከሽንኩርት ጋር ማፈራረቅ፣ በፀሐያማ ወራትም አፈሩን አርጥቦ በላስቲክ ሸፍኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፀሐይ ማጋል ነው።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቤት 500 ያህል የቲማቲም እግር ይይዛል። በጥሩ እንክብካቤ ከአንዱ እግር ሦስት ኪሎ ቢገኝ 15 ኩንታል ይሆናል፤ ያውም ቲማቲም በሚጠፋበት ወር። በክረምቱ 1 ሺህ ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚያው ጣሪያ ላይ 200 ሜትር ኩብ ውኃ ይወርዳል። ቦይ ካልተቀደደለት ማሳውን ያጥለቀልቃል፤ ኩሬ ከተቆፈረለት ለበጋው ይተርፋል።

በዚህ ስሌት ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር አለበት። የጣሪያው ላስቲክ በፀሐይ የሚያረጅ ዕቃ ነው። ፀሐይ የሚቋቋመው ዓይነት እንኳን የሚያገለግለው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ተራው ላስቲክ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል። ለመተኪያው ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ ገንዘብ ካልተቀመጠ ቤቱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት አጥንቱ ብቻ ይቀራል። ተበድሮ ቤት ያቆመ አርሶ አደር ወይም የተደራጀ ወጣት ደግሞ ላስቲኩ ቢቀደድም ዕዳው አይቀደድለትም።

የወረዳ አመራሮች ኃላፊነትም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ይህን ያህል የላስቲክ ቤት ተሠራ» የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ይመቻል፤ ለአርሶ አደሩ ግን ምንም አይነግረውም። መጠየቅ ያለበት በነሐሴ ስንት ኩንታል ተለቀመ፣ በስንት ተሸጠ፣ ለላስቲክ መተኪያ ስንት ተቀመጠ የሚለው ነው። በየቀበሌው በአንድ ጊዜ ከማዳረስ ይልቅ በቅድሚያ በጥቂት ትጉህ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ሁለት ክረምት መሞከር ይበጃል። ለዚህም የምርምር ማዕከላትና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አብረው ይግቡበት፤ ወጪና ገቢው ይመዝገብ፤ ያልተሳካውም ሳይደበቅ ለሌሎች ይነገር።

አርሶ አደሩም ቤት ከማቆሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውኃው ከየት ይመጣል? ምርቱን ማን ይገዛኛል? ላስቲኩ ሲያረጅ በምን እተካዋለሁ? መልስ ያለው ይጀምር፤ መልስ የሌለው በችግኝ መደብ መረብ እጁን ያፍታታ።

የላስቲክ ቤት ተአምር አይሠራም። በአግባቡ ከተያዘ ግን በጋ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አርሶ አደር ክረምት ላይም የሚሸጠው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል። ስለዚህ ቤቶቹ ከመብዛታቸው በፊት የቆሙት ምርት ይስጡ እንላለን!